የፓፒሩስ ጽሑፎችና የወለጋ ደብዳቤዎች፤ ስለ ሕግ ቃላት ታሪክ አንዳንድ ነጥቦች

1. መነሻ

የአንድ የሕግ ቃል ታሪክ ከሁለት ዐይነት ምንጭ ይጠናል። አንደኛው ሕግ አውጪው ያወጀው መጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው ሕጉ የደረሰበት ሰው የጻፈው ወይም ያጻፈው ወረቀት ነው። መጽሐፉ ቃሉ ምን ማለት እንዲሆን እንደ ታሰበ ይነግረናል፤ ወረቀቱ ቃሉ በሰው ኑሮ ላይ ምን እንደ ሠራ ያሳየናል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለሁለቱም እኩል ጆሮ መስጠት ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ የሚያዳምጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። መጽሐፉ ታትሞ በእጅ ይገኛል፤ ወረቀቱ ግን በየሣጥኑ ተበትኖ ይኖራል።

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ የፓፒሩስ ጽሑፎች ለጥንቱ የሮማ ሕግና ኅብረተሰብ ጥናት ያስገኙትን ጥቅም በአጭሩ እናመለክታለን። ቀጥሎም የሮማ ሕግ በፍትሐ ነገሥት በኩል ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ ካየን በኋላ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ሊሰጡ የሚችሉትን የነቀምትንና የሌሎቹን የወለጋ ከተሞች ደብዳቤዎች እንመለከታለን። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጣችን ሮማንና ወለጋን አንድ ለማድረግ አይደለም፤ ዘመናቸውም አገዛዛቸውም የተለያየ ነው። የምንዋሰው የአጠናን ዘዴውን ነው። ዓመታቱ፣ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ከመጽሐፉ ወደ ወረቀቱ

የሮማ ሕግ ለረጅም ዘመን ይታወቅ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ከ529 እስከ 534 ባሉት ዓመታት ባስጠናቀራቸው መጻሕፍት ነው። አጠናቃሪዎቹ የቀደሙትን ሊቃውንት ቃል ሲሰበስቡ ያሳጠሩት፣ የለወጡትም ብዙ ነው። ስለዚህ ከእነርሱ በፊት የነበረው የሕግ ቋንቋ ምን ይመስል እንደ ነበር ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። በ1816 ጀርመናዊው የታሪክ ሊቅ ኒቡር በኢጣልያ ቬሮና ከተማ አንድ ብራና አገኘ፤ በላዩ የቅዱስ ሄሮኒሞስ ደብዳቤዎች ተጽፈውበት፣ ከሥሩ ግን የ2ኛው ምዕት ዓመት የሕግ መምህር የጋዮስ መማሪያ መጽሐፍ ይታይ ነበር። ከብራናው የጠፋውንና የማይነበበውን ክፍል በከፊል የሞሉት ደግሞ በግብፅ የተገኙ ሁለት ቍርጥራጮች ናቸው፤ አንዱ በ1927 ታተመ፣ ሌላው በ1933 ተገኘ።

የግብፅ ምድር ያወጣው ግን የመምህራንን መጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ከ1896 መጨረሻ ጀምሮ እንግሊዛውያኑ ግሬንፌልና ሀንት በኦክሲርንኩስ ከተማ የጥንት ቆሻሻ መጣያ ጉብታዎች ውስጥ ሲቈፍሩ የግብር ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የጋብቻ ውል፣ ኑዛዜ፣ አቤቱታና የግል ደብዳቤ በብዛት አገኙ። እነዚህን የጻፉ ሰዎች ለታሪክ ብለው አልጻፉም። ጉዳያቸው ሲያበቃ ወረቀቱን ጣሉት፤ የጣሉት ወረቀት ግን የሮማን ኅብረተሰብ ከቤተ መንግሥት ሳይሆን ከገበሬው፣ ከመበለቷና ከግብር ሰብሳቢው ወገን እንድናየው አስቻለን።

ለዚህ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በ186 ዲዮኒስያ የምትባል ሴት ከአባቷ ጋር ስትሟገት ያቀረበችው ረጅም አቤቱታ ከኦክሲርንኩስ ተገኝቶአል። አባት በአገሩ በግብፃውያን ሕግ መሠረት ልጄን ከባልዋ የመለየት መብት አለኝ ይላል። ዲዮኒስያም ከዚያ በፊት በተመሳሳይ ጉዳይ የተሰጡትን ፍርዶች እየቈጠረች፣ ያገባች ሴት ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልግ እርሷ ራሷ መጠየቅ እንዳለባት ታስረዳለች። ከዚህ አንድ ወረቀት የምንማረው የሮማ ሹም በአገሬው ሕግ ሲዳኝ ያን ሕግ እንዴት እንደሚያለዝበው ነው። ይህን የሚነግረን የሕግ መጽሐፍ የለም።

የሕግ ታሪክ ሊቁ ሉድቪግ ሚታይስ በ1891 ባሳተመው መጽሐፍ ለዚህ ሁኔታ ሁለት ስያሜዎች ሰጠ። ወደ አማርኛ ብንመልሳቸው «የመንግሥት ሕግ»ና «የሕዝብ ሕግ» ይሆናሉ። በ212 ንጉሠ ነገሥት ካራካላ በግዛቱ ለሚኖሩ ነፃ ሰዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል የሮማ ዜግነት ሰጠ፤ የአዋጁም የግሪክኛ ቅጅ በ1910 ከታተመ አንድ ፓፒሩስ ታውቆአል። በመጽሐፍ ቢሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም በሮማ ሕግ መተዳደር ነበረበት። በወረቀቱ ላይ የምናየው ግን ስሙ ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ተለወጠ ነው። አውሬሊዮስ የሚለው የንጉሠ ነገሥቱ የቤተ ሰብ ስም በብዙ ግብፃዊ ገበሬ ስም ፊት ተጨመረ፤ ውሉና ርስቱ ግን ለብዙ ጊዜ በልማዱ ይሄድ ነበር።

3. የሮማ ሕግ በእኛ ብራና ላይ

የሮማ ሕግ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም። ፍትሐ ነገሥት በ1238 ግብጻዊው አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያጠናቀረው መጽሐፍ ሲሆን፣ ከ51ዱ አንቀጾች የመጀመሪያዎቹ 22 የቤተ ክርስቲያን፣ የቀሩት የሥጋዊ ጉዳይ ሕጎች ናቸው። ለሥጋዊው ክፍል ከዋሉት ምንጮች መካከል ፕሮኬይሮን የተባለው የቢዛንጥያ የሕግ መጽሐፍና የሶርያ-ሮማ የሕግ መጽሐፍ በመባል የሚታወቀው ድርሰት ይገኛሉ። ወደ ግእዝ የተመለሰው፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው፤ ተርጓሚውም ጴጥሮስ አብደ ሰይድ ይባላል።

እንግዲህ አንድ የሮማ ሕግ ሐሳብ ከላቲን ወደ ግሪክኛ፣ ከግሪክኛ አንዳንድ ጊዜም በሱርስት በኩል ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ፣ ከግእዝም በመምህራን ትርጓሜ ወደ አማርኛ ተሸጋግሮአል ማለት ነው። ለምሳሌ ፍትሐ ነገሥት ስለ ባርነት በሚናገርበት አንቀጽ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ነፃ እንደሆነ፣ ባርነትን ያመጣው ግን ጦርነት እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ሐሳብ በዩስቲንያኖስ መማሪያ መጽሐፍ ካለው ጋር ይገናኛል። ቃሉም አብሮ ተጕዞ የራሱን ሥር ተክሎአል። «አርነት ማውጣት» የምንለው ሐረግ ከግእዙ «ሐራ» እና «ሐርነት» የመጣ ስለሆነ፣ ሮማውያን ማኑሚሲዮ ይሉት የነበረውን ባሪያን ነፃ የመልቀቅ ሥርዐት ለመተርጐም አዲስ ስያሜ መፍጠር አያስፈልገንም። ወለጋን በመሰለ፣ የባሪያ ንግድ ጠባሳ በተወበት አገር ደግሞ ይህ ቃል የመጽሐፍ ቃል ብቻ ሆኖ አልኖረም።

ወደ ወለጋ የሚያደርሰን ሌላም ቃል አለ፤ እርሱም «ወቄት» ነው። ከነቀምት ወደ ዐፄ ምኒልክ ይላክ የነበረው የወርቅ ግብር ይመዘን የነበረው በወቄት ነው። ቃሉ ከዐረብኛው ኡቂያ ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ ዐረብኛው ከግሪክኛ፣ ግሪክኛውም ከላቲኑ ኡንኪያ የመጣ ነው። ኡንኪያ ለሮማውያን የአንድ ሙሉ ነገር አሥራ ሁለተኛ እጅ ነበረ። የሕግ ሊቃውንቶቻቸውም የሟችን ሀብት በአሥራ ሁለት ኡንኪያ ከፍለው የወራሾችን ድርሻ ይቈጥሩበት ነበር። ቃሉ ወለጋ ሲደርስ የውርሱ ትርጉም በመንገድ ቀርቶአል፤ ሚዛኑ ግን ደርሶአል። የተውሶ ቃል ሥርወ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ምን ጥሎ ምን ይዞ እንደ መጣ መመዝገብ እንዳለበት ይህ ጥሩ አስረጅ ነው።

4. የወለጋ ወረቀቶች

የሌቃ ነቀምት ገዥ የነበሩት ሞረዳ በከሬ ከ1882ቱ የእምባቦ ጦርነት በኋላ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ገቡ። ከ1889 ጀምሮ ቦታቸውን የያዙት ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ለማዕከሉ ግብር የሚያስገቡ ገዥ ሆኑ። በምዕራብ ደግሞ በቄለም የጆቴ ቱሉ ግዛት ነበረ። ይህ አገዛዝ በቃል ብቻ ሊካሄድ አይችልም ነበርና በአዲስ አበባና በነቀምት መካከል፣ በነቀምትና በየአውራጃው መካከል ደብዳቤ ተመላለሰ። ነቀምት በሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይጠበቁ ከነበሩት ሰነዶች የተመረጡትን አሌሳንድሮ ትሪዩልዚና ተሰማ ተኣ አዘጋጅተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ2004 አሳትሞአቸዋል። ከዚያ በፊት በ1980 ትሪዩልዚ የቄለም ገባሮች የጻፉአቸውን ደብዳቤዎች መሠረት በማድረግ ስለ ገባሩ ተቃውሞና ዐመፅ ጥናት አቅርቦ ነበር።

እነዚህ ወረቀቶች ከፓፒሩሶቹ ጋር የሚጋሩት ሦስት ነገር አለ። አንደኛ፣ ባለጉዳዩና ጸሐፊው አንድ ሰው አይደሉም። በግብፅ ውል ግርጌ «እከሌ ፊደል ስለማያውቅ እኔ ጻፍሁለት» የሚል ቃል በተደጋጋሚ ይገኛል። በወለጋም ፊደል ያልተማረው ገባር አቤቱታውን ያጻፈው በጸሐፊ እጅ ነው። ሁለተኛ፣ የአፉ ቋንቋና የወረቀቱ ቋንቋ ይለያያሉ። ግብፃዊው በግብፅኛ ያሰበውን በግሪክኛ እንዳጻፈ፣ የወለጋው ሰው በኦሮምኛ ያሰበውን በአማርኛ አጻፈ። ሦስተኛ፣ ስሙ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ኩምሳ ገብረ እግዚአብሔር መባላቸው፣ በግብፅ ወረቀቶች «እከሌ የተባለው እከሌ» እየተባለ በሁለት ስም እንደሚጠራው ሰው፣ አንድ ሰው በሁለት ሥርዐት ውስጥ መቆሙን ያሳያል። ለመረጃ ማውጫ ሥራም ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኩምሳን የሚፈልግ ገብረ እግዚአብሔርን፣ ነቀምትን የሚፈልግ በድሮው አጻጻፍ ለቀምትን፣ ደምቢ ዶሎን የሚፈልግ ሳዮን ካላየ ግማሹን ሰነድ ሳያገኝ ይቀራል።

የቋንቋዎቹ መደራረብ ለሮማ ሕግ አጥኚዎች ትልቅ ትምህርት የሆነበትን አንድ ምሳሌ እዚህ መጥቀስ ይገባል። በ1961 በሙት ባሕር አጠገብ በሚገኝ ዋሻ ባባታ የምትባል አይሁዳዊት 35 ሰነዶች ተገኙ። ሰነዶቹ ከ94 እስከ 132 ባሉት ዓመታት የተጻፉ ሲሆኑ፣ በናባጥያን ቋንቋ፣ በአራማይክና በግሪክኛ ናቸው። ባባታ ራሷ መጻፍ አትችልም ነበር። አባቱ ለሞተበት ልጇ የተሾሙት ሞግዚቶች ለቀለቡ በወር ሁለት ዲናር ብቻ ስለሚሰጡ ከሰሰቻቸው። በሰነዶቿ መካከል ሞግዚትን ለመክሰስ የሚያገለግል የሮማ የክስ ቃል ወደ ግሪክኛ ተተርጕሞ በሦስት ቅጅ ተገኝቶአል። ከሮማ እጅግ የራቀች፣ ላቲን የማታውቅ ሴት የሮማን የክስ ቃል በትርጕም ይዛ ዳኛ ፊት ለመቅረብ ተሰናድታለች ማለት ነው። የሕግ ትርጕም ሥራ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንደማያውቅ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

5. ከአፍ የተወለዱ የሕግ ቃላት

የሕግ መጽሐፍን ትተን ወረቀቱን ስናይ የአማርኛ የሕግ ቃላት አንድ ጠባይ ጎልቶ ይታያል። ብዙዎቹ የተወለዱት ከጽሕፈት ሳይሆን ከንግግር ነው።

«ይግባኝ» ዛሬ ስም ነው፤ ይግባኝ ይጠየቃል፣ ይግባኝ ይፈቀዳል እንላለን። ቅርጹ ግን ግስ ነው፤ ባለጉዳዩ ነገሩ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ ብሎ በችሎት የተናገረው ቃል ነው። የሮማ ሕግም ተመሳሳይ ነገር ያውቃል። በዩስቲንያኖስ ዲጄስት እንደ ተመለከተው፣ ተከራካሪው በዚያው በችሎቱ ፊት ይግባኝ የሚል ከሆነ ያችን አንዲት ቃል መናገሩ ብቻ ይበቃው ነበር።

«ደረሰኝ» እንዲሁ ነው። ገንዘቡን የተቀበለው ሰው «ደረሰኝ» አለ፤ ቃሉ በወረቀት ላይ ሰፈረ፤ ቀጥሎም ወረቀቱ ራሱ ደረሰኝ ተባለ። በግብፅ ፓፒሩሶች ላይ ገንዘብ ተቀባዩ «አፔኮ» ይላል፤ «ተቀብያለሁ» ማለት ነው። የደረሰኙም ስም ከዚሁ ግስ የወጣው «አፖኬ» ሲሆን፣ ሮማውያን ቃሉን እንዳለ ወደ ላቲን ወስደውታል። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች በተመሳሳይ መንገድ አንድ ዐይነት ስም ማውጣታቸው የሥራው ጠባይ ቃልን እንዴት እንደሚወልድ ያመለክታል።

«አቤቱታ»ም «አቤቱ» እና «አቤት» ከሚለው ጩኸት የወጣ ነው። እዚህ ላይ ከሮማ እንለያለን። በላቲን የአቤቱታ ስም ሊቤሉስ ሲሆን ትርጕሙ «ትንሽ መጽሐፍ» ነው። እነርሱ አቤቱታን በወረቀቱ ሲጠሩት፣ እኛ በድምፁ ጠራነው። በመንገድ ቆሞ ለሚያልፍ ገዥ «አቤት!» ብሎ መጮኽ በልማዳችን የታወቀ ነበርና።

በመጨረሻም «ተጠየቅ» የሚለውን እንመልከት። በጥንቱ የአገራችን ሙግት ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ»፣ «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይከራከሩ ነበር። ሮማውያንም ስቲፑላትዮ በሚሉት የውል ዐይነት አንዱ «ቃል ትገባለህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሌላው «እገባለሁ» ብሎ ይመልሳል፤ ውሉ የሚጸናው በዚህ ጥያቄና መልስ ነው። ከ212ቱ አዋጅ በኋላ ይህ በግብፅ ወረቀቶች ላይ «ተጠይቄ ተስማማሁ» የሚል የመዝጊያ ሐረግ ሆኖ በብዛት ይገኛል። የአፍ ሥርዐት ወደ ወረቀት ሲገባ ድምፁ ይጠፋል፣ ቅርጹ ግን ይቀራል። የዚህን ሐረግ የአማርኛ ትርጕም የሚያዘጋጅ ሰው «ተጠይቄ» የሚለውን ግስ «ተስማምቻለሁ» በሚል ብቻ ቢተካው ታሪኩን ይሰርዘዋል።

6. የአንባቢ መሰናክሎች

የወለጋን ወረቀቶች ለመዝገበ ቃላት ሥራ የሚያነብ ሰው ሊጠነቀቅባቸው ከሚገቡ ነጥቦች ጥቂቶቹን እንጥቀስ።

«ይድረስ ከ»፦ በዚህ የደብዳቤ መክፈቻ ላይ ያለው «ከ» መነሻን ሳይሆን መድረሻን ያመለክታል። «ከቤት ገባ» ስንል ያለው «ከ» ነው። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ ላኪውን ተቀባይ፣ ተቀባዩን ላኪ ሊያደርግ ይችላል። በፓፒሩስ ደብዳቤዎችም የስሞቹ ቅደም ተከተል ትርጕም አለው፤ አቤቱታ አቅራቢ የባለሥልጣኑን ስም ያስቀድማል፣ የራሱን ያስከትላል።

«ሴራ»፦ በአማርኛ ተንኮል ወይም የምስጢር ዱለት ነው። በኦሮምኛ ግን «ሴራ» ሕግ፣ ሥርዐት ማለት ነው፤ በሲዳምኛም እንዲሁ። የመጫ ኦሮሞ በትውፊት የመኮ ቢሊ ሕግ የሚለው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። እንግዲህ አንድ ኦሮምኛ ተናጋሪ ባለጉዳይ «በሴራችን» ብሎ ቢያጽፍና አንባቢው ቃሉን በአማርኛው ቢፈታው፣ ሕጉን የጠቀሰው ሰው አድመኛ ሆኖ ይገኛል። ሚታይስ «የሕዝብ ሕግ» ያለው ነገር በወለጋ ስሙ ይህ ነው። ስሙን በትክክል አለማንበብ ሕጉ የለም ከማለት አይለይም።

«ጉማ»፦ በልማዱ ስለ ነፍስ የሚከፈለውን ካሣና የሚፈጸመውን ዕርቅ አንድ ላይ ይይዛል። «የደም ካሣ» ብሎ መተርጐም ግማሹን መጣል ነው። ቃሉን እንዳለ ይዞ መፍታት ይሻላል።

«ቆሮ» እና «ቀላድ»፦ ቆሮ በወለጋ የአካባቢ ሹም ነው። ቀላድ መጀመሪያ የመሬት መለኪያው ጠፍር ስም ሲሆን፣ በኋላ የተለካውም መሬት የመለካቱም ሥርዐት በዚሁ ተጠራ። የአንዱ ፍች በየትኛው ዓመት ሰነድ ላይ እንደሚገኝ ሳይጠቈም ሦስቱን በአንድ መስመር መደርደር የቃሉን ታሪክ ያደበዝዛል።

«ገባር»፦ ለዛሬው ተማሪ የሚቀርበው ገባር ወንዝ ነው። በቄለም ደብዳቤዎች ግን ገባር ግብርና ጉልበት የሚጠየቅ፣ የሚማረር፣ አቤት የሚልም ሰው ነው። «ግብር ከፋይ» የሚለው ፍች ስሕተት ባይሆንም ሸክሙን አያሳይም። በሌላ በኩል፣ በኋለኛው የሮማ ዘመን ከመሬቱ ጋር የተቆራኘውን አራሽ፣ ኮሎኑስ የሚሉትን፣ «ገባር» ብሎ መተርጐም አያስኬድም። «ጭሰኛ»ም ለባለመሬቱ እርቦ ወይም ሲሶ የሚከፍለውን ስለሚያስታውስ በትክክል አይገጥምም። ለጊዜው «ኮሎኑስ» ብሎ «ከመሬቱ የተቆራኘ አራሽ» ከሚል ማብራሪያ ጋር መጠቀም እንመርጣለን።

«ሞግዚት»፦ በተራ ንግግር ሕፃን የምትይዝ ሴት ናት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ያልደረሰን ልጅ አካል የሚጠብቀውን «አሳዳሪ»፣ ንብረቱን የሚያስተዳድረውንና የሚወክለውን «ሞግዚት» ብሎ ለይቶአል። የባባታን ሰነድ ስንተረጕም «ሞግዚት» ያልነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ክርክሩ በገንዘቡ አስተዳደር ላይ ነበርና።

7. ስለ ስያሜዎች

ከዚህ በላይ የተነሡትን ነገሮች በአማርኛ ለመጻፍ የተወሰኑ ስያሜዎች ያስፈልጋሉ። ተክሉ አገራችን ውስጥ «ደንገል» የተባለ ስም አለው፤ የጣና ታንኳ የሚሠራው ከእርሱ ነው። ነገር ግን በአገራችን ደንገል ለጽሕፈት መዋሉ የተለመደ ስላልሆነ «የደንገል ጽሑፍ» ቢባል አንባቢው ስለ ታንኳው ያስብ ይሆናል። ስለዚህ ለተክሉ «ደንገል»፣ ለሰነዱ «ፓፒሩስ» ወይም «የፓፒሩስ ጽሑፍ»፣ ለጥናቱ «ሥነ ፓፒሩስ» ቢባል እንመርጣለን።

የቬሮናውን ዐይነት ብራና «የተፋቀ ብራና» ማለትም ችግር አለው። ብራና ሁሉ የሚዘጋጀው በመፋቅ ነው፤ «ብራና ፋቂ»ም የሙያ ስም ነው። እዚህ የተፋቀው ቆዳው ሳይሆን ጽሕፈቱ ስለሆነ፣ «ዳግም የተጻፈበት ብራና» የሚለው ረዘም ቢልም አያሳስትም።

በወለጋ በኩል ለዚህ ሥራ የሚረዳ ሌላም ምንጭ እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ኦነሲሞስ ነሲብ በአስቴር ጋኖ ረዳትነት ወደ ኦሮምኛ የተረጐመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግእዝ ፊደል ታትሞአል። ተርጓሚው በ1904 ወደ ነቀምት መጥቶ እስከ ዕረፍቱ እስከ 1931 ድረስ በዚያ አስተማረ። የሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ጳውሎስ የሮማ ዜግነቱን ሲጠቅስና ጉዳዩን ወደ ቄሣር ይግባኝ ሲል ስለሚተርክ፣ ኦነሲሞስ የሮማን ሕግ ጽንሰ ሐሳቦች በኦሮምኛ መሰየም ግድ ሆኖበት ነበር። የመረጣቸውን ቃላት ከነቀምት ደብዳቤዎች ቃላት ጋር አስተያይቶ ማጥናት ለሁለቱም ቋንቋዎች የስያሜ ሥራ መሠረት ይሆናል።

8. መደምደሚያ

ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፕራይዚግከ የግብፅን የግሪክኛ ሰነዶች ቃላት ለብቻቸው የሰበሰበ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ ከ1925 ጀምሮ ታትሞአል። በዚያ መዝገብ ውስጥ የገበሬው ግሪክኛ እንደ ስሕተት አልተቈጠረም፤ ከግብፅኛና ከላቲን የገቡትም ቃላት አልተጣሉም። የወለጋ ሰነዶች እንዲህ ያለ መዝገብ ይገባቸዋል። አዘጋጆቹ የአማርኛና የኦሮምኛ ባለሙያዎች ሆነው፣ እያንዳንዱን ቃል ከሰነዱ ቀን፣ ከተጻፈበት ቦታና ከባለጉዳዩ ማንነት ጋር ሊያሰፍሩት ይገባል። የኦሮምኛ ቃል በአማርኛ ደብዳቤ ውስጥ ሲገኝ «የጸሐፊ ግድፈት» ተብሎ መታረም የለበትም። ብዙ ጊዜ ባለጉዳዩ ራሱ የተናገረው፣ ጸሐፊው ሊለውጠው ያልቻለው ቃል እርሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሥራ ለነገ የሚባል አይደለም። የግብፅን ፓፒሩሶች ከሁለት ሺህ ዓመት ያህል ያቆየው ሰው ሳይሆን ደረቅ አሸዋ ነው። እርጥበት ባለበት በዓባይ አፍ በእስክንድርያ የተጻፈው ከሞላ ጎደል ጠፍቶአል፤ የተረፈው የገጠሩ ነው። ወለጋ አሸዋ የላትም፤ ዝናሟ ብዙ ነው። በቤተ መንግሥትና በማኅደር ከተጠበቁት ሌላ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ በየቤተ ሰቡ ሣጥን የሚገኝ የውል፣ የርስትና የአቤቱታ ወረቀት የሚጠበቀው በሰው እጅ ብቻ ነው። ባለቤቱ ወረቀቱን ሳይለቅ ፎቶግራፍ ማንሣትና ቃላቱን መመዝገብ ይቻላል። የወረቀቱን ቃል ሊያነብልን የሚችል፣ «ይህ ቃል በእኛ ዘንድ እንዲህ ማለት ነበር» የሚለን ሽማግሌ በሕይወት እያለ መጠየቅ ደግሞ ከሁሉ ይቀድማል። ዲዮኒስያን ወይም ባባታን ማንም ሊጠይቃቸው አይችልም፤ እኛ ግን ለጥቂት ጊዜ የምንጠይቀው ሰው አለን።